በመጀመሪያው ቀን ያዢው

እህቴ፣ ለሦስት ቀን ከተማ ልትጎበኚ ስትሄጂ ከአስጎብኚ ጋር በእግር እየዞሩ ምግብና ወይን መቅመስ ያዋጣል ወይ ብለሻል። በጣም ያዋጣል! ግን በመጀመሪያው ቀን ያዢው። እኔ አንዴ ለመጨረሻው ማታ አስቀምጬው እስካሁን ይቆጨኛል። የወደድኩት ቤት ተመልሼ የምገባበት ጊዜ አልነበረኝም። ቀድመሽ ከዞርሽ ሰፈሩን ትለምጃለሽ፤ ለቀሩት ቀናት የት እንደሚበላም አስጎብኚውን ትጠይቂያለሽ።

ከመክፈልሽ በፊት ስንት ቦታ እንደሚቆም፣ ወይኑ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ ስንት ሰው አብሮሽ እንደሚሄድም አጣሪ። ከ10 ሰው በላይ ከሆነ እኔ አልገባበትም። ጠባብ ቤት ውስጥ ከኋላ የቆመ ሰው ማብራሪያው አይሰማውም። በጾምም ይሁን በጤና ምክንያት የማትበይው ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ሌላ ምግብ ማዘጋጀት ይከብዳቸዋል።

ወይኑ ላይ ረጋ በይ። ለቅምሻ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ትንሽ ይመስላል፣ አምስት ቦታ ሲደመር ግን ሁለት ሙሉ ብርጭቆ ያህል ነው። በየመሃሉ ውሃ ጠጪ። ብርጭቆው ውስጥ ብታስተርፊ ነውር የለውም። ቁርስም ቀለል ያለ ይሁን እንጂ በባዶ ሆድ አትሂጂ። አዲስ ጫማ ደግሞ በፍጹም!