መልስ፦ ይጠገን እንጂ አይጣል

ወንድሜ፣ «ተጫዋች እየሸሸው ያለ የኦንላይን ጌም ይጠገን ወይስ ክፍል ሁለት ይሠራ?» ላልከው፣ እኔ ይጠገን ባይ ነኝ።

ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን የኦንላይን ጌም ተመልከት። በፈረንጆቹ 2010 ሲወጣ ተጫዋቹ ክፉኛ አዘነበት። ሠሪው ኩባንያ ስኩዌር ኢኒክስ ግን ሌላ ቁጥር ለጥፎ አልሸሸም። ናኦኪ ዮሺዳን ኃላፊ አድርጎ፣ አሮጌውን እያሻሻለ ጎን ለጎን ከመሠረቱ እንደ አዲስ አሠራው። በ2012 መጨረሻ ሰርቨሩ ተዘግቶ በ2013 ተመለሰ። ዋናው ነገር፣ ሰው ወራት የለፋበት ገጸ ባሕርይ አብሮት ተሻገረ። ኖ ማንስ ስካይ የተባለው የጠፈር ጌምም እንዲሁ በዝማኔ (አፕዴት) ነው ያገገመው።

ኦቨርዋች 2 የተባለውን የተኩስ ጌም ደግሞ እይ፤ በ2022 የመጀመሪያው ተዘግቶ በሱ ተተካ፣ ለክፍል ሁለት ዋና ምክንያት የተባለው የታሪክ ክፍል ግን እንደታሰበው አልመጣም፤ አብዛኛው በ2023 ተሰረዘ።

እኔ ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። ክፍል ሁለት ማለት ለኛ እንደገና ስንት ጊጋባይት ማውረድ ነው! የሌሊት ጥቅል ገዝቼ፣ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ፣ 91 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄዶ ፋይሉ ተበላሽቶብኝ ያውቃል። የሌላ ጌም ክፍል ሁለት ሲወጣ ጓደኞቼ ግማሹ አሮጌው ላይ ቀሩ፣ ግማሹ አዲሱን ያዙ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ላይ ተጫውተን አናውቅም።

መሠረቱ፣ ማለትም ኮዱና ሰርቨሩ፣ ጥገና የማይቀበል ከሆነ እንደ አዲስ ይሥሩት፣ አልቃወምም። ብቻ የተጫዋቹን ድካምና የገዛውን ዕቃ ያሻግሩለት።