ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ሰርቨሩ ግን አላስገባ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ቤት ውስጥ ፋይል ለመቀባበል ብዬ አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩና ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለውን የኤፍቲፒ ሰርቨር (ፋይል በኔትወርክ የሚያቀባብል ፕሮግራም) አስገባሁበት። ለዚሁ ብቻ የሚሆን አካውንት ከፈትኩ፤ ለጥንቃቄም ተርሚናል (ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) እንዳይከፍት ሼሉን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚቀበልለትን ፕሮግራም፣ መግባት በሚከለክለው ኖሎጊን ተካሁት። ከላፕቶፔ ፋይልዚላ በተባለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ስሞክር «530 ሎጊን ኢንኮሬክት» (መግቢያው ልክ አይደለም) ይለኛል። ፓስወርዱን ቀየርኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ኤፍቲፒ የሚጠቀምበትን የኔትወርክ በር፣ ፖርት 21ንም ራውተሩ ላይ ከፈትኩ። ወይ ፍንክች! ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ራውተሩን ተወው፣ እሱ ምንም አላጠፋም። 530 ብሎ የመለሰልህ ሰርቨሩ ራሱ ነው። ፋይልዚላ ላይ ከፍ ብለህ ብታይ ከዚያ በፊት 331 የሚል መስመር አለ፤ ስምህን ተቀብሎ ፓስወርድ የጠየቀበት ነው። ችግሩ ኔትወርክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስም አትደርስም፣ «ታይምድ አውት» (ጊዜው አለፈ) ብሎህ ያርፍ ነበር።

እኔ የጠረጠርኩት እግረ መንገድህን ያነሳሃትን ኖሎጊንን ነው። ኡቡንቱ ላይ ቪኤስኤፍቲፒዲ ሰው የሚያጣራው ፓም በሚባለው ሥርዓት በኩል ሲሆን፣ ፓም ደግሞ ፓስወርዱን ብቻ አይቶ አያሳልፍም፤ የአካውንቱ ሼል ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ባለው «ሼልስ» የተባለ ፋይል ላይ መመዝገቡንም ያያል። ኖሎጊን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለም። ስለዚህ ፓስወርድህ ልክ ሆኖም ትባረራለህ፣ የሚደርስህም መልእክት ያው ነው። ያናድዳል፣ ግን ምክንያቱን ቢዘረዝር ለሰርጎ ገብም ፍንጭ መስጠት ይሆንበታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሰርቨሩ ላይ በመደበኛ አካውንትህ ተርሚናል ክፈትና ኤስዩ (ወደ ሌላ አካውንት መቀየሪያ ትእዛዝ) ብለህ የአዲሱን አካውንት ስም ጻፍ፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን ሱዶ አትጨምር፣ ከጨመርክ ፓስወርድ አይጠይቅህም። አካውንቱ ለጊዜው አይሠራም የሚል መልስ ከመጣ ደስ ይበልህ፣ ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ጣጣው የሼሉ ነው። «ኦተንቲኬሽን ፌለር» (ማረጋገጥ አልተቻለም) ካለህ ግን ፓስወርዱ ነው፤ ያኔ ፋይልዚላ ሳይት ማናጀር ውስጥ የድሮውን አስቀምጦ እንዳይሆን እይ፣ ኪቦርዱም በሌላ ቋንቋ ላይ እንዳይሆን፣ ነጥብ ብቻ ስለሚታይህ አታውቀውም።

ሼሉ ከሆነ የኖሎጊንን ሙሉ ፓዝ (ያለበትን አድራሻ) «ሼልስ» ፋይል ላይ አንድ መስመር አድርገህ ጨምር። በእጅህ አትጻፈው። እዚያው ኢቲሲ ውስጥ «ፓስውድ» የሚባል ፋይል አለ፣ የአካውንትህ መስመር መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህና ኮፒ አድርገው። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት እንኳ አያስፈልግም፣ እንደገና ሞክር።

230 ካየህ ገብተሃል። ከዚያ ወዲያ ፋይል ስትጭን 550 ካለህ የሎጊን ጉዳይ አይደለም፣ የመጻፍ ፈቃድ ነው፤ ቪኤስኤፍቲፒዲ ሲጫን መጻፍ አይፈቅድም፣ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ «ራይት ኢነብል» የሚለውን መስመር አብራው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ፦ ራውተሩ ላይ የከፈትከውን ፖርት 21 ዝጋ። ቤት ውስጥ ለመጠቀም ጭራሽ አያስፈልግህም፣ ተራ ኤፍቲፒ ደግሞ ፓስወርድህን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። ከውጭ መግባት ካማረህ በፖርት 22 የሚሠራውንና መስጥሮ የሚልከውን ኤስኤፍቲፒ ተጠቀም።