ቀኑ ላልተቆረጠ ሠርግ ጌሾ መውቀጥ፦ ከዕድርተኞች የቀረቡልኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ሊበተን ሲል «ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር አስቤያለሁ» አልኩ። ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። እኔ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በዕለቱ ያልነበራችሁ አባላት እንድታዩት፣ የተጠየቅሁትንና የመለስኩትን ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፣ ምርጫው መቼ ሆነና ነው?

ከባዱን አስቀደምሽው። ቀን አልተቆረጠም። ጎንደር ላይ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው ሚያዝያ 2005 ነው። ቀጣዩ በ2010 መሆን ሲገባው ተራዘመ። ሰኔ 2013 ለፓርላማና ለክልል ስንመርጥ፣ የከተማ ምክር ቤታቸውን ጨምረው የመረጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። በ2005 አንደኛ ክፍል የነበረ ተማሪዬ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል። አንድ ባልንጀራዬ «ቀኑ ላልተቆረጠ ሠርግ ጌሾ ትወቅጣለህ?» ብሎ ስቆብኛል። እወቅጣለሁ። ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ ለመሯሯጥ ጉልበቴ አይችልም።

የየትኛው ፓርቲ ነህ?

የማንም። በግል ዕጩነት ነው የምቀርበው፤ የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ይፈቅዳል። የሚከብደው የደጋፊ ፊርማ ማሰባሰቡ ነው። ለዕጩ የሚጠየቀው ዕድሜ 21 ነው፤ እኔ ሦስት እጥፍ አልፌዋለሁ።

ውሃ ታመጣልን እንደሁ ንገረን፣ ሌላውን ተወው።

እማማ፣ አላመጣም። አመጣለሁ ብዬ ጀሪካንዎን ይዘው እንዲጠብቁኝ አላደርግም። የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው ነው፤ ከተማው በሌላ በኩል በየዓመቱ ይሰፋል። ለዓመታት የተጓተተው የመገጭ ግድብ ደግሞ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ የከተማ ምክር ቤት እጁን አንሥቶ ስለወሰነ አይሞላም። አባል ብሆን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ፈረቃው ለየሰፈሩ በስንት ቀን ነው? ተጽፎ ይለጠፍልን። ቀኑን ካወቅን ቢያንስ ሌሊት ቧንቧ ሥር ቁጭ ብለን አናነጋም።

እንዲህ ከሆነ የምክር ቤት አባል ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አባሉ ራሱ መንገድ የሚያሠራ ይመስለዋል። የሚሠራው አስተዳደሩ ነው። ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይሾማል፣ እቅድና ሪፖርት ይሰማል፣ በጀት ያጸድቃል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነውና ትልቁ ወሬ ያለው ክረምት መግቢያው ላይ ነው። በጀቱን መስመር በመስመር የሚያነብ አባል ከተገኘ ብዙ ነገር ይታያል። ሳይነበብ በጭብጨባ ካለፈ ግን ቀሪው ዓመት ደብዳቤ ይዞ መመላለስ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በእግሬ ነው። ከታች ሰፈር ያለው የጎርፍ መውረጃ ሲደፈን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንቻለሁ። «እናያለን» ይሉኛል፤ ደብዳቤዬ ላይ ማኅተም ይመቱበታል፤ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ወጣት ባለሙያ አዘነችልኝና የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት አወጣችው። የእኛ መውረጃ «ተጠርጎ የተጠናቀቀ» ከሚለው ሥር ተጽፏል። ቅጂውን ይዤ ወጣሁ፣ ሐምሌ ነበርና ውሃው ከደጃፌ ጠበቀኝ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አጥተን አያውቅም። ሪፖርቱ ሲነበብ «ቆይ፣ ይሄኛውን እንሂድና እንየው» የሚል ነው የጠፋው። እኔ የምገባው ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጋሼ፣ ከደባርቅ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው፤ እዚሁ ባጃጅ እነዳለሁ። ልመርጥህ እችላለሁ?

አራት ወር አይበቃም፣ ልጄ። ዕድሜህ 18 ከሞላ፣ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር አለብህ። በዚህ አያያዛችን ስድስቱ ወር ቀድሞ ሳይሞላልህ አይቀርም።

ለምን ሴት አልቀረበችም? ዕድሩን የተሸከምነው እኛ ነን።

እውነት ነው። ድንኳኑም ድስቱም በእናንተ እጅ ነው። ለገንዘብ ያዣችን «አንቺ ግቢ፣ እኔ ፊርማ ላሰባስብልሽ» ብያት ነበር። «መጀመሪያ አንተ ተሰደብና ልየው» አለችኝ። እያየችኝ ነው።

ስለ ፋሲል ከነማስ?

በ2013 ዋንጫውን ስናነሣ ድምፄ ለሳምንት ጠፍቶ ነበር። ከዚህ የበለጠ ፖሊሲ የለኝም።

ወንበሩን ካገኘህ በኋላ ብትጠፋብንስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ አመኔታ ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይላል። አንብቡት፣ አጭር ነው። እስከዚያው እዚሁ ዕድር ውስጥ ነኝ፤ ለቀብር የቀረ ሰው እንደሚቀጣ ሁሉ ስብሰባ ጠርታችሁ ለቀረሁበት ቅጡኝ።

መምህር፣ የከተማውን በጀት ከማንበብዎ በፊት የዕድሩ የግማሽ ዓመት ሒሳብ የታለ?

ይህን የጠየቀው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ጥር ላይ መቅረብ ነበረበት፣ ዘግይቻለሁ። የፊታችን እሑድ ከነደረሰኙ ይዤ እመጣለሁ።