አረሩን ማን ይሠራላችኋል?

ልጆቼ፣

እኔ አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ እየጠገንኩ፣ አፈሙዝ እየቀየርኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች ከሁሉ አብዝታችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ዋይልድካት ነው። ዋይልድካት ፋብሪካ የማያመርተው ጥይት ነው፤ ባለሙያው ራሱ የነባር ጥይት ቀለሃ ወስዶ፣ አንገቱን አጥብቦ ወይም አስፍቶ ይፈጥረዋል። ንድፉን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ፍጥነቱን በኮምፒውተር አስልታችሁ ጨርሳችኋል። እኔ ግን ስለ አረሩ፣ ከአፈሙዙ ወጥቶ ዒላማውን ስለሚመታው ክፍል፣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። አረሩን ማን ይሠራላችኋል?

ቀለሃ አያሳስብም። 30-06 የሚባለው የተለመደ ጥይት ቀለሃ በአሜሪካ ሞልቷል። አረር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ውፍረትም የራሱ ቅርጽ ማውጫ ያስፈልገዋል። ፋብሪካ ደግሞ ገዢ ሳያይ ለዚያ ገንዘብ አያወጣም። ገዢውም አረር ሳያይ ጠመንጃውን አያሠራም።

333 ኦኬኤችን ተመልከቱ። ኦኔል፣ ኪት እና ሆፕኪንስ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በ1940ዎቹ የ30-06 ቀለሃን አንገት አስፍተው የሠሩት ነው። 0.333 ኢንችን የመረጡት እንዲሁ አልነበረም። እንግሊዞች 333 ጄፍሪ ለሚባለው ጥይታቸው የሚሠሩት አረር በዚያ ልክ ስለነበረ ነው። ጥይቱም ጥሩ ነበር፤ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን በደንብ ይጥላል። ከዚያ በ1958 ጠመንጃና ጥይት ሠሪው ዊንቸስተር 338 ማግነም የሚባል ጥይት አወጣ። የአረሩ ውፍረት 0.338 ኢንች ነው። ልዩነቱ የኢንች 5 ሺኛ ብቻ! አረር ሠሪዎቹ ግን ወደ አዲሱ ዞሩ፤ ገበያው እዚያ ነዋ። 333 አንድም እንከን ሳይገኝበት አረር አጥሮት ቀረ። ሰዎች ያንኑ የ30-06 ቀለሃ ለ0.338 አስፍተው 338-06 አሉት። አቅሙ ከቀድሞው ብዙም አይለይም። እሱ ግን ዕድሜ አገኘ፤ በ1998 ኤ-ስኩዌር የተባለው ድርጅት ከመደበኞቹ ጥይቶች ተራ አስገባው። እኔ ይህን እንደ ፍርደ ገምድልነት ነው የማየው፤ ገበያ ግን ይግባኝ አይሰማም።

የ25 ካሊበር፣ ማለትም ውፍረቱ ሩብ ኢንች ገደማ የሆነው አረር፣ ጉዳይ ደግሞ ትንሽ ይለያል። የ30-06 ቀለሃ አንገቱ ጠብቦ የተሠራው 25-06 በ1920 አካባቢ በዋይልድካትነት ተወልዶ በ1969 ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ ተቀበለው። አረሩ አልጠፋም፤ ረጅምና ከባድ የሆነው ነው የጠፋው። ለብዙ ዘመን ከ120 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ብዙም አላለፈም። ሩቅ ተኳሾች ግን የሚፈልጉት ረጅምና ከባዱን ስለሆነ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ሄዱ፤ እዚያ ከ140 ግሬን በላይ የሚመዝን አረር እንኳ እንደ ልብ ነው። በቅርብ ዓመታት ከ130 ግሬን የሚያልፍ የ25 አረር ሲወጣ ግን 25 ክሪድሙር የሚባለው ሌላ የ25 ጥይት ከዋይልድካትነት ተነስቶ ፋብሪካ ገባ። የድሮ 25-06 ያላችሁ ግን አትቸኩሉ። የአብዛኞቹ አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር እነዚህን ረጃጅም አረሮች በበቂ አያሽከረክርም፤ አረሩ አየር ላይ ይዋልላል።

እንግዲህ አፈሙዝ ከመቁረጣችሁ በፊት የአረር ሠሪዎችን ዝርዝር ገልጣችሁ እዩ። በዚያ ውፍረት ስንት ፋብሪካ ይሠራል? አንድ ብቻ ከሆነ ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት፤ ያ ፋብሪካ ነገ ቢተወው ጠመንጃው ጌጥ ይሆናል። ልሸጠው ቢል ገዢ እንደማያገኝም ጨምሩለት። «ግድ የለም» ካለ፣ የሚበቃውን አረር አስቀድሞ ገዝቶ በሳጥን ይዞ ይምጣ። ከዚያ ሥራውን ጀምሩለት።