«ያ ጥቅስ ሲላክልኝ ያመኛል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ ታማ ሁለት ዓመት ሙሉ ጸለይን፣ ጾምን። አረፈች። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «የእግዚአብሔር እቅድ ነው» ይለኛል፤ «ለእናንተ ያለኝን ዕቅድ እኔ ዐውቃለሁ» የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ንማ ስንቱ በስልክ እንደላከልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለጸሎት እንበረከካለሁ፣ ቃል አይወጣኝም፣ ምንጣፉን ሳይ ቆይቼ እነሳለሁ። መዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ። «አንተ መልካም ነህ» ብዬ ስዘምር የምዋሽ ይመስለኛል። ላቁም? እምነቴ አልቋል ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አላለቀም። እምነቱ ያለቀ ሰው «ዋሸሁ» ብሎ አይጨነቅም።

ያንን ጥቅስ ግን ከነዙሪያው እናንብበው፤ ያለቦታው እየተወረወረ ያዘነ ሰው ሲያቆስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኤርምያስ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ብትወጪ «ሰባ ዓመት» ይላል። ሰባ! ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች ስንቱ መመለሱን ለማየት ይደርሳል? ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ነበር፣ ሕዝቡም መስማት የሚፈልገው እሱን ነበር፣ ግን ውሸት ነበር። ታዲያ እስከዚያው ምን አድርጉ ተባሉ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውን ብሉ። አታልቅሱ አልተባሉም።

ደግሞ በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «እቅድ» አይልም፣ «የማስባትን አሳብ» ነው የሚለው። እኔን ይሄ ይበልጥ ያጽናናኛል። እቅድ ሲባል የእናትሽ ሞት አስቀድሞ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ይመስላል፤ አሳብ ሲባል ግን አንቺን የሚያስብሽ አለ ማለት ነው።

መጥምቁ ዮሐንስን አስቢው። ጌታን በገዛ እጁ ያጠመቀ ሰው እስር ቤት ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከበት (ማቴዎስ 11)። ጌታ አልተቆጣውም። ዮሐንስ ግን ከእስር አልተፈታም፣ አንገቱ ተቆረጠ። ይሄን አልደብቅሽም። የኔ ልብ የሚያርፈው መልእክተኞቹ ሲሄዱ ጌታ ለሕዝቡ በተናገረው ላይ ነው፦ ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። ያንን ጥያቄ በላከበት በዚያው ሰዓት!

መዝሙሩን በተመለከተ፣ ለመሪያችሁ እውነቱን ንገሪው። ማረፍ ካስፈለገሽ ጥቂት እረፊ፣ ከጉባኤው ግን አትቅሪ። ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ አፍሽ እምቢ ያለውን ቃል ለጊዜው ሌሎቹ ይዘምሩልሽ። ምንጣፉ ላይ ስትንበረከኪም ረጅም ጸሎት አትፈልጊ። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው (ማርቆስ 9፥24)። እሱም ካቃተሽ «እናቴ ናፈቀችኝ» በይው።