አራት «ሠራተኛ» ይዞ ኢንተርቪው መግባት

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። ማኔጅመንት ተመርቀሽ አንድ አስመጪ ድርጅት ጨረታ ክፍል ስድስት ወር ሠርተሻል። እዚያ እያለሽ አራት የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም እያንዳንዱ የተሰጠውን አንድ ሥራ የሚሠራ የኤአይ ረዳት፣ አዘጋጀሽ፦ ሰነድ አንባቢ፣ ዋጋ አስሊ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ አራተኛው ደግሞ «ጋሽ ጠርጣሬ» ያልሽው ስህተት ለቃሚ ኦዲተር። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። «አራት ሠራተኛ አስተዳድር ነበር ብዬ ሲቪዬ ላይ ልጻፍ ወይስ ሰነፍ ናት ይሉኛል?» ነው ያልሽው።

ጻፊው። «አስተዳድር ነበር» የምትለዋን ግን አውጫት።

ጋሽ ጠርጣሬ አስቆኛል፣ አልዋሽሽም። ግን እሱም፣ ጸሐፊውም፣ አንባቢውም ከሥራቸው ያለው ያው አንድ ሞዴል፣ መልሱን የሚያመነጨው የኤአይ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ተዋናይ አራት ገጸ ባህሪ ሲጫወት እንደማየት ቁጠሪው። «የ20 ዓመት ልምድ ያለህ ኦዲተር ነህ» ስትይው ፊቱ ኮስተር ይላል፣ ስህተት መፈለግ ላይም ይበረታል፣ ይሄ ጥቅም አለው። የማያውቀውን ነገር ግን ስም ስላወጣሽለት አያውቀውም።

እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ጋር እየሠራሁ ነበር። የጨረታው ማስታወቂያ «ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም በ4፡00 ሰዓት ተዘግቶ በዚያው ዕለት በ4፡30 ይከፈታል» ይላል። አንባቢው ኤጀንት ቀኑን ኦክቶበር 15 ብሎ በትክክል ቀየረው። ሰዓቱን ግን ከሰዓት በኋላ 4፡00፣ ማለትም በእኛ 10 ሰዓት አደረገው። መርሐ ግብር አውጪው ኤጀንት ተቀበለው፣ ተቆጣጣሪው ኤጀንት «ተሟልቷል» አለ፣ እኛም ሦስት ቦታ ታይቷል ብለን ተኛን። ሰነዱን የሚያደርሰው ልጅ ሲፒኦውን (ለጨረታ ማስከበሪያ ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ ማዘዣ) ከሰነዱ ጋር በፖስታ አሽጎ ቀድሜ ልድረስ ብሎ በ9 ሰዓት ሄደ። ሳጥኑ ከታሸገ አምስት ሰዓት አልፎታል። ሦስቱ ኤጀንቶች ሲስማሙ የሰማነው ሦስት ምስክር ሳይሆን የአንዱን ማሚቶ ነበር።

ስለዚህ ጠያቂዎቹ ነገሩ የገባቸው ከሆኑ «ስንት ኤጀንት አለሽ» ብለው አያቆሙም፤ ስህተቱን ማን ነው የሚይዘው ይሉሻል። ለዚህ መልስ ይኑርሽ። ለምሳሌ ጋሽ ጠርጣሬ የሚያየው ጸሐፊው የጻፈውን ብቻ ነው ወይስ ዋናውን የጨረታ ሰነድም ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክዪው። ከተቻለም በሌላ ኩባንያ ሞዴል አሠሪው። «በጥንቃቄ መርምር» ከማለት ይልቅ ደግሞ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ስጪው፦ 15 በመቶው ቫት ተደምሯል? የጨረታ ማስከበሪያው እስከ መቼ ይጸናል? ሰዓቱ በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ከዚያ ራስሽ እዪው፣ ምክንያቱም ሰነዱ ላይ ማህተም ሲያርፍ ተጠያቂው ጋሽ ጠርጣሬ አይደለም።

ዋጋ አስሊውን እንኳ አባሪው። ለመደመር ኤክሴል አለልሽ። ወጪም አለበት፤ ክሎድ የተባለው ኤአይ አምራች አንትሮፒክ በ2025 እ.ኤ.አ. የራሱን ሥራ ሲገልጽ፣ ብዙ ኤጀንት አብረው የሚሠሩበት ሥርዓት ከተራ ቻት 15 እጥፍ ገደማ ቶክን (ሞዴሉ የሚያነበውና የሚጽፈው ጽሑፍ የሚቆጠርበት ቁራጭ) እንደሚበላ ጽፏል። ሂሳቡ ደግሞ በዶላር ነው። «ለምን አራት?» ሲሉሽ «ሁለት ይበቃል፣ ሞክሬ አይቻለሁ» ካልሽ፣ አራት ከማለት ይልቅ ያስከብርሻል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ናሙና ላሳይ ብለሽ የድሮ ድርጅትሽን ዋጋ ይዘሽ እንዳትገቢ። ያኔ የእነሱንም ሚስጥር እንደምታወጪ ነው የሚገባቸው። ቴክኒካል ሰነድ ላይ የሚያያዙት የባለሙያዎች ሲቪዎችስ? ስልክና አድራሻቸው ሳይሰረዝ በግል አካውንትሽ ወደ ኤአይው አስገብተሽ ከነበር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ነገር እንዳለ እወቂ። ናሙናውን ከጋዜጣ በወጣ ማስታወቂያ ላይ ሥሪው፣ ማንም የሚያነበው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ኤጀንቱ ያወጣው፣ አንቺ ያረምሽው፣ ያረምሽበት ምክንያት።

ሲቪው ላይ እንዲህ በዪ፦ «የጨረታ ሰነድ ዝግጅትን በኤአይ ኤጀንቶች አግዣለሁ፤ የማመሳከሪያ ዝርዝሩን አዘጋጅቼ የመጨረሻውን ማጣራት ራሴ ሠርቻለሁ።» ይህን ያነበበ ሰው ሰነፍ አይልሽም። ጋሽ ጠርጣሬን ሲቪው ላይ አትጥቀሺው፤ ጨዋታው ከሞቀ ግን በቃል አንሺው፣ ያስቃል።

ኢንተርቪው ሐሙስ በ3፡00 ነው ብለሻል፤ በኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው የደረሰሽ። ደውለሽ አረጋግጪ።