ታሊባንን ማን አስታጠቀው?

ጥያቄ፦ አባቴ ዜና ባየ ቁጥር «ታሊባንን ያስታጠቀችው ራሷ አሜሪካ ናት» ይላል። እኔ ደግሞ አሜሪካ አፍጋኖችን በሶቪየት ጦር ላይ ስታስታጥቅ ታሊባን የሚባል አልነበረም ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? (የአዳማ አንባቢ)

መልስ፦ በዘመኑ ከሄድን አንተ ልክ ነህ። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ታሊባን የተመሠረተው በ1994። ግን አባትህ ላይ አትቸኩል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. መሣሪያውን ለሙጃሂዲኖቹ፣ ማለትም ሶቪየትን ለሚወጉት አፍጋን ታጣቂዎች፣ በቀጥታ አያድልም ነበር። ለፓኪስታን የስለላ ድርጅት ያስረክባል፤ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው ያ ድርጅት ነው። ትልቁን ድርሻ ያገኘው የሙጃሂዲን መሪ ጉልቡዲን ሄክማትያር በኋላ ካቡልን በሮኬት ደበደባት። በ2003 አሜሪካ ራሷ አሸባሪ ብላ ፈረጀችው። የሲ.አይ.ኤ. ወዳጅ የነበረው ጀላሉዲን ሃቃኒ ደግሞ ታሊባንን ተቀላቅሎ አሜሪካን ወጋ። አባትህ እነዚህን ማለታቸው ከሆነ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን የሚያስቃቸው ግን የስቲንገር ጉዳይ ነበር። ትከሻ ላይ ተደግፎ አውሮፕላን የሚመታ ሚሳኤል ነው። በ1986 ገብቶ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮችን መከራ አበላቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካ «የመንገደኛ አውሮፕላን ቢመቱበትስ?» ብላ ደነገጠች። በነጻ የሰጠችውን በ1990ዎቹ በብዙ ሚሊዮን ዶላር መልሳ ትገዛ ጀመር። ሻጮቹም ሞኞች አይደሉም፤ ፈላጊ መኖሩን ሲያዩ ዋጋውን ሰቀሉት። ጥቂቶቹ ግን ገና በጦርነቱ ጊዜ ኢራን እጅ ገብተው ነበር። እነሱን መልሶ መግዛት አይታሰብም።